ጋሼ ገብረመድኅን ቃላቱን ከሰሱ

የሜልበርን ክረምት ዝናቡ ከላይ ብቻ አይመጣም፤ ከጎንም ከታችም ነው! እንዲህ ባለ ቅዳሜ ጠዋት ፍሌሚንግተን ካሉት ረጃጅም ፎቆች ውስጥ ከጋራ ልብስ ማጠቢያው ክፍል የተሻለ ቦታ የለም። ማድረቂያዎቹ ይሽከረከራሉ፣ መስኮቱ በላብ ይሸፈናል፣ ሰው ሳያስበው ወሬ ይጀምራል።

ናዝራዊት የእናቷን አንሶላዎች ታቅፋ ስትገባ፣ ጎረቤታቸው ጋሼ ገብረመድኅን ማድረቂያው ፊት እንደ ዘበኛ ቆመው አገኘቻቸው። ወይኔ፣ ደስ ሲሉ! የኮታቸው ቁልፍ እስከ አንገት ተቆልፎ፣ ፎጣ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ የሚሽከረከረውን ካልሲ በቁም ነገር ይከታተላሉ። ጥግ ላይ ደግሞ ከታች ፎቅ ያለችው ሩማንያዊት፣ ዳቦ ቤት የምትሠራው እትዬ ቪዮሪካ፣ የትራስ ልብስ ታጥፋለች።

«እንደምን አደሩ ጋሼ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንቺስ የኔ እመቤት? እናትሽስ?»

«ደህና ናት። ጋሼ… አንድ ነገር ብልዎት ይቆጡኛል?»

«እታገኘሁ ልካሽ ከሆነ ገና ሳትናገሪ ተቆጥቻለሁ።»

አቤት፣ እንዴት አወቁ! ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤታቸው እትዬ እታገኘሁ የዜግነት ፈተናውን ካለፉ ቆይተዋል። መሐላው ወደሚፈጸምበት ሥነ ሥርዓት ሲጠሩ ግን «ገብሬ አጠገቤ ሳይቆም እጄን አላነሣም» ብለው ሁለቴ አስተላለፉት። አሁን ሦስተኛው ጥሪ መጥቷል፤ ለመስከረም። ከዚህ በኋላ ከቀሩ ፈቃዱ ይሰረዝባቸዋል። ጋሼ ደግሞ አብረው አመልክተው ሲያበቁ ፈተናውን ለመቀመጥ እንኳ እምቢ! ናዝራዊት ይህን ስትሰማ አልቅሳለች፤ እውነቷን ነው። ይሄን የሚያህል ፍቅር በአንድ ፈተና ይሰናከል?

«ጋሼ፣ እንግሊዝኛ አልችልም እንዳይሉኝ። ሺፍት፣ ሬንት፣ የቤት መያዣው ቦንድ፣ ድጎማ የሚሰጠው ሴንተርሊንክ… ሁሉን ያውቃሉ እኮ!»

«እነዚያ የእንጀራ ቃላት ናቸው ልጄ። ሳይማሩትም ሆድ ያስተምራል። ይሄ ኮንስቲትዩሽን፣ ጁሪ፣ ሬፈረንደም የሚሉት ግን የመንግሥት ቃል ነው። የመንግሥት ቃል አፍ ላይ አይቀመጥም፤ አንገት ላይ ነው የሚቀመጠው።»

እትዬ ቪዮሪካ «ኮንስቲትዩሽን» ስትሰማ ጆሮዋ ቆመ። ትራስ ልብሱን ጥላ በዚያ በሚንከባለል እንግሊዝኛዋ «ፈተና ነው? የዜግነት? እኔም ተፈትኛለሁ!» አለች። ናዝራዊት ወዲያው አስተርጓሚ ሆነች፤ እንግሊዝኛው ለትልቁም ለትንሹም አንድ «ዩ» ብቻ ነው ያለው፣ እሷ ግን ወደ አማርኛ ስትመልሰው በክብር «እርስዎ» አደረገችው።

«ቋንቋዬ ሩማንኛ ነው» አለች እትዬ ቪዮሪካ። «መጽሐፉን ስከፍት ሳቅኩ። ፓርላመንት፣ ሴኔት፣ ኮንስቲትዩሽን፣ ቮት… ግማሾቹ የአክስቴ ልጆች ናቸው! ባለቤቴን እኔ ምን አጠናለሁ አልኩት።»

«አየሽ!» አሉ ጋሼ ወደ ናዝራዊት ዞረው። «ለሷማ ዘመዶቿ ናቸው። ለኔ ግን ባዳ። በሠርጋቸው ያልተጠራሁ ሰው በኀዘናቸው ምን ልሁን ብዬ እገባለሁ?»

«ይቆዩ፣ አልጨረስኩም» አለች ቪዮሪካ። «ወደቅኩ።»

«ምን?»

«ወደቅኩ! ዘመድ ነው ብዬ ያመንኩት ቃል ሁሉ ጉድ ሠራኝ። እኛ ጋ ‹ፕሮቼስ› ስንል የፍርድ ቤት ክርክር ነው፤ እዚህ ‹ፕሮሰስ› ሲሉ አካሄድ ማለታቸው ነው። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሁሉን በመልኩ አለፍኩት። ማንንም ‹አንተ ማነህ?› ብዬ አልጠየቅኩም። እርስዎ ግን ይጠይቃሉ። እንግዳ ደጃፍዎ ላይ ሲቆም ስሙን ይጠይቁታል፣ የሚያውቁት የመሰለዎትን ግን ዝም ብለው ያስገቡታል። ባዳ መሆኑ ለእርስዎ ይሻላል።»

ማድረቂያው ጢው ብሎ ቆመ፤ ማንም ልብሱን አላወጣም። ናዝራዊት፣ ጋሼ በቃ ተረታሁ ሊሉ ነው ብላ ጠበቀች። አላሉም። አግዳሚው ላይ ተቀመጡና ፎጣውን ጉልበታቸው ላይ አነጠፉት።

«ቃል መማር ያቃተኝ መስሏችኋል?» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ እኮ ተምሬያለሁ። ደሴ እያለን፣ ልጅ እግር ሆነን፣ የውይይት ክበብ የሚባል ነበር። በየሳምንቱ ያስቀምጡንና ቃል ያስጠኑናል። ሁላችንም እንደ ዳዊት ደገምነው። እሸቱ የሚባል ጓደኛዬ ነበር፣ ሳቂታ፣ ዝም ማለት የማይችል። አንድ ቀን እጁን አነሣና ‹ጓድ ሊቀመንበር፣ ፕሮሌታሪያት ማለት ምን ማለት ነው?› አለ። በቃ። ይችን ብቻ። ሊቀመንበሩም አያውቀው ኖሯል! አፈረ፣ ተቆጣ፣ አድኃሪ አለው። ቆይተው ከቤቱ ወሰዱት። እናቱ በሩን ሳትዘጋ ስንት ክረምት አደረች…»

ናዝራዊት እየተንተባተበች ተረጎመችው። እትዬ ቪዮሪካ ግን አንዱን ቃል ያለ አስተርጓሚ ነበር የሰማችው።

«ፕሮሌታሪያት?» አለች።

ጋሼ ቀና አሉ። «ፕሮሌታሪያት።»

«ኢምፔሪያሊዝም?»

«ኢምፔሪያሊዝም! ቡርዧ!»

«ፕሮፓጋንዳ! ኮሚቴት!»

«ኮሚቴ! ሴንትራል ኮሚቴ!»

ኦ ማይ ጋድ! ሁለቱ አዛውንቶች ከሁለት አህጉር መጥተው፣ አንድ ሰላምታ እንኳ በቅጡ መለዋወጥ የማይችሉ ሰዎች፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ቃል እየተወራወሩ በሳቅ ፈረሱ። ሳቁ መሃል ላይ ወደ እንባ ዞረባቸው፤ ጋሼ በፎጣው ዓይናቸውን ጠረጉ። የሚገርመው ደግሞ ዘንድሮ ትምህርት ቤት የሕግ ትምህርት የምትወስደው ናዝራዊት አንዱንም ቃል አለማወቋ ነው።

«እኛንም አስደግመውናል» አለች እትዬ ቪዮሪካ። «እዚህ ከወደቅኩ በኋላ የእንግሊዝኛ ክፍል ገባሁ፤ ኋላ ያለፍኩትም በሱ ነው። መጀመሪያ ቀን ‹ይሄ ምን ማለት ነው?› ለማለት እጄን ሁለቴ አንሥቼ ሁለቴ መለስኩት፤ በሦስተኛው ጠየቅኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ጠይቄ አላውቅማ። አስተማሪዋ ምን አለች? ‹ጉድ ኩዌስችን!› አለች። ጥሩ ጥያቄ ነው ማለት ነው። ቤቴ ሄጄ አለቀስኩ።»

ያኔ ነው ናዝራዊት አንድ ሐሳብ ብልጭ ያለላት።

«ጋሼ! አባቴ በእንቁጣጣሽ ‹አባትዎ ሙግት አዋቂ ነበሩ፣ ተጠየቅ ሲሉ ወንዝ ይቆማል› ሲልዎት ሰምቻለሁ። እስቲ እነዚህን ቃላት ይክሰሷቸው!»

«ምን አልሽ?»

«ይክሰሷቸው! እኔ ቃሉን ሆኜ እቆማለሁ። ያፋጥጡኝ!»

«ኧረ ወዲያ፣ ልጅ መጫወቻ ታድርገኝ!» አሉ ጋሼ። ግን ተነሡ እኮ! ፎጣውን እንደ ኩታ አጣፉት፣ አንድ እግራቸውን ወደፊት አስቀደሙ፣ ጣታቸውን ቀሰሩ። ድምፃቸው ሌላ ሆነ።

«ተጠየቅ!»

«ልጠየቅ!»

«ስምህን ተናገር!»

«ሬፈረንደም እባላለሁ!»

«ሥራህስ?»

«ሕገ መንግሥቱ ይለወጥ ሲባል ሕዝቡን እጠይቃለሁ!»

«ሕዝቡ እምቢ ቢል?»

«አይለወጥም!»

«ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢቆጣስ?»

«ይቆጣ! እሱም እንደ ሰው አንድ ድምፅ ነው ያለው!»

ጋሼ ጣታቸው አየር ላይ ቀረ። «ዋስ ጥራ» አሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። ናዝራዊት ስትተረጉምላት እትዬ ቪዮሪካ የትራስ ልብሱን እንደ ሰንደቅ አንሥታ «እኔ ዋስ!» አለች።

ከዚያ «ሩል ኦፍ ሎው» ተከሰሰ። «እኔ ከሁሉም በላይ ነኝ፤ ሹሙም ድኻውም እኔ ሥር ነው» ብሎ በናዝራዊት አፍ ሲከራከር፣ ጋሼ ክሱን አቋረጡት። «ይሄንንማ አውቀዋለሁ። አባቴ መንገድ ላይ ‹በሕግ አምላክ!› ሲል ባለጠመንጃው እግሩን ይሰበስብ ነበር። የኛው ሰው ነው እኮ፣ ኮት ቀይሮ መጥቶ ነው!»

ተቀመጡ። ትንፋሽ ወሰዱ።

«አየሽ ናዝራዊት፣ ያኔ ቃሉ ነበር እኛን የሚመረምረን። ዛሬ እኔ ቃሉን መረመርኩት፣ እሱም መለሰ። ቃል ሲጠየቅ ካልተቆጣ መማር ይቻላል።» ከዚያ ከኪሳቸው ስልካቸውን አወጡ። «እታገኘሁ? እኔ ነኝ። የመሐላውን ቀን እንዳታስተላልፊው። …ምን ያስለቅስሻል አንቺ ሴትዮ? ልብሱ ደርቋል፣ መጣሁ።»

ከዚያ ወዲያ በየቅዳሜው ማጠቢያ ክፍሉ ችሎት ሆነ። እትዬ እታገኘሁ ቅርጫት ገልብጠው ተቀምጠው ዳኛ ሆኑ፤ ባላቸውን «አንተ ከሳሽ፣ ወሬ አታብዛ» ይሏቸዋል። ጁሪ ተከሰሰ፣ ሴኔት ተከሰሰ፣ የዘውዱ እንደራሴ ገቨርነር ጄኔራል ሁለቴ ቀረበ፤ መልሱ አላጠገባቸውማ! ጋሼ ፈተናውን አለፉ። መስከረም ላይ ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው ማሉ፤ እትዬ እታገኘሁ ቀኝ እጃቸውን አንሥተው በግራው የጋሼን እጅ ጨብጠው ነበር። ናዝራዊት ፎቶ ልታነሣ ሞክራ በእንባ የተነሣ ጣራውን አነሣችው።

እንግዲህ ቃል መማር ይሄን ያህል ነው! ጋሼ ዛሬ ከመንግሥት ደብዳቤ ሲመጣ የጎረቤት ልጅ ከትምህርት ቤት እስኪመለስ አይጠብቁም፤ ራሳቸው ያነቡታል፣ የማይገባቸውን ከስሰው ያናግሩታል። የፎቁ ነዋሪዎች ሲሰበሰቡ ከኋላ ቆመው «ይሁን፣ ይሁን» ማለት ትተው እጃቸውን ያነሣሉ። የሚኖርበትን አገር ሕግ ስሙን እንኳ ያላወቀ ሰው በገዛ ቤቱ እንግዳ ነው፤ ያወቀ ግን በሰው አገርም ባለቤት ነው። ማንም በዚህ ዕድሜዬ አይበል። ማንም የኔ ቋንቋ ከነሱ አይዛመድም አይበል። መጠየቅ የሚችል ሁሉ መማር ይችላል።

ኅዳር ላይ የቪክቶሪያ ምርጫ ነበር። ድምፅ የሚሰጠው ትምህርት ቤት ውስጥ ነው፣ በምርጫ ቀን ቋሊማ ጠብሶ መሸጥ ልማድ ነውና ግቢው በሽታው ታውዷል። ጋሼና እትዬ ቪዮሪካ ሁለቱም ኦርቶዶክስ፣ የገና ጾም ላይ ስለሆኑ ዳቦ በሽንኩርት ብቻ ገዝተው እየሳቁ ሰልፍ ያዙ፤ ናዝራዊትም ለማየት ተከትላቸዋለች። በሩ ጋ አንድ ባለቲሸርት ወጣት የፓርቲውን ወረቀት ለጋሼ ዘረጋላቸው። ሌላው ሰው ተቀብሎ ያልፋል። ጋሼ ቆሙ። አነበቡ። ጣታቸውን አንዱ ቃል ላይ አሳረፉ።

«ኤክስኪዩዝ ሚ» አሉ። «ይሄ ምን ማለት ነው?»

ወጣቱ ፈገግ አለ። «ጉድ ኩዌስችን!» አለና ጎንበስ ብሎ፣ ሰልፉ ከኋላ እየጠበቀ፣ አንድ በአንድ አስረዳቸው። ጋሼ እስኪጨርስ ሰሙት፣ አመሰገኑት። ወረቀቱን አጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱና ወደ ጎናቸው፣ ማንም ወደሌለበት ዞር አሉ።

«እሸቱ» አሉ በለሆሳስ፣ «ሰማህ? መለሰልኝ።»