ኮላ ያደረሰው ሞተር

ነይ ቲፖኮ፣ ነይ ጥላው ላይ ተቀመጪ። ለውዙን ወደ አንቺ ላስጠጋልሽ፣ እየፈለፈልን እንጫወታለን። ሳልሽ እንዴት ሆነልሽ? አቧራው ዘንድሮ ብሶበታል እኮ። ከበረሃ የሚመጣው ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት... አንዳንዱ አቧራ እዚሁ ሰፈራችን ተወልዶ ያደገ ነው፣ በቀን ሦስቴ በደጄ ያልፋል።

ኧረ እኔስ ማንንም አላልኩ።

ድምፁ ረበሸሽ እንዴ? የሞረድ ድምፅ ነው። እዚያ ኒም ዛፉ ሥር... አንገትሽን አታዙሪ፣ ሥራ ላይ ያለ ሰው ሲያዩት ያፍራል። የምናወራውን ይሰማል ብለሽም አትስጊ። ከዚያ ሞተር ጋር የኖረ ጆሮ... ይብቃኝ፣ ለውዙን ፈልፍዪ።

እኔ መቼም እጀ ብልህ ሰው ነፍሴ ነው። ኩዱጉ ከተማ ውስጥ የተበላሸ ሞተር የሚጠግን ሞልቷል፤ ያልተበላሸውን የሚጠግን ግን ስንት አለ? አንድ። ፋብሪካው፣ ምስኪን፣ ያን ሁሉ መሐንዲስ ሰብስቦ የሲሊንደሩን የጭስ መውጫ አውራ ጣት ታህል አደረጋት። አንድ ሰው ደግሞ... ስም አልጠራሁም፣ የባሌ ታናሽ ወንድም ነውም አላልኩሽ... በአንድ ሞረድ አሰፋላቸው። አመሰግናለሁ የሚል ደብዳቤ እንኳ አልጻፉለትም። ሰው ውለታ አያውቅም እኮ ቲፖኮ።

ማርሚታውንስ አየሽለት? እነዚያ ዘይት ጠርሙስ ውስጥ የማንቆረቁርባቸው ሁለት የቆርቆሮ ኢምቡቶዎቼ፣ አፈ ሰፊዎቹ፣ ትዝ ይሉሻል? ቤቱን ገለባብጬ ፈለግኳቸው። ይቅር በዪኝና አንቺንም ጠርጥሬ ነበር። ለካ አፍ ለአፍ ተገጥመው፣ ተበይደው፣ ከሞተሩ ሆድ ሥር ተንጠልጥለዋል። ጭሱ በአንዱ ሲሰፋ በሌላው ሲጠብ ጉልበት ይጨምራል አሉ። ይጨምራልም፣ ውሸት አልወድም። ሲበር የሚደርስበት የለም። ቀስ ሲል ብቻ ነው የሚጠፋው። አንዴ ከጠፋ ደግሞ ትኩሳቱ እስኪበርድ ድረስ አይነሳም። ታዲያ ይሄ ምን ነውር አለው? ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ያሉት የድሮ ሰዎች ናቸው። የዛሬው እንቁላል በሞተር ነው የሚሄደው... ሲደርስ ጫጩት ይሁን ጥብስ፣ የደረሰበት ቤት ይወቀው።

አንቺ ያን ሰሞን ለቅሶ ሄደሽ አልነበርሽምና ከኔ አፍ ስሚው። የሲድኖማዬን ኮላ፣ ሚስት ሲጠየቅ የሚላከውን ያን መራራ ፍሬ፣ ማን ያድርስ ተባለ። ያለኝ ወንድ ልጅ እሱ ነው። አዊሳን ብሎ ሦስት ዓመት ጠብቋል። አባቷን ደግሞ ታውቂያቸዋለሽ፣ ሰው ሲስቅ እንኳ ዝግ ብሎ እንዲስቅ የሚፈልጉ ሰው ናቸው። ከመልእክተኛው የሚጠበቀው ምንድን ነው? ከደጅ መውረድ፣ ጫማ ማውለቅ፣ በእግር ገብቶ ቁጢጥ ማለት፣ ኮላውን ከሽማግሌው እግር ሥር ማኖር። በቃ። ፍየል እንኳ የምታወልቀው ጫማ ቢኖራት ታደርገዋለች።

እኔ ሞኟ በብስክሌት ይሂድ አልኩ። አንድ ሰው ግን በሩብ ሰዓት አደርሰዋለሁ አለ። ደረሰም። እነአዊሳ መንደር፣ ራሞንጎ፣ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ደረሰ። ጉዳዩ መድረሱ መች ሆነና... መቆሙ ላይ ነው እንጂ። ደጃፋቸው ላይ ቀስ ቢል ሞተሩ ሊጠፋ ነው፣ ቢጠፋ ላይነሳ ነው፣ በአማቾች ፊት ጥበቡን በእጁ እየገፋ ሊመለስ ነው። ሰው ክብር የለውም እንዴ? ስለዚህ ዞረ። በአንደኛው ዙር እንዴት ዋላችሁ አለ። በሁለተኛው ልጆቹ ደህና ናቸው አለ። በሦስተኛው ከብቶቹስ አለ። ሰላምታው አንድም አልጎደለም፣ በየዙሩ አንዳንድ እያለ ጨረሰው። የዶሮዎቹን ነገር ተዪው። በሰባተኛው ዙር፣ ሽማግሌው ጆሯቸውን ይዘው እንደቆሙ፣ የኮላውን ከረጢት በአጥሩ ላይ ወረወረላቸው።

ክንዱ ብርቱ ነው፣ ይሄን ጠላትም አይክደው። ከረጢቱ የአዊሳን አባት አጥር አለፈ፣ ግቢውን አለፈ፣ የወዲያኛውንም አጥር አለፈ... የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። የኛው ግን ዕድለኛ ነው፣ እሱ አፈሰሰ፣ ሌላ ሰው ለቀመለት።

ማን መሰለሽ? እትዬ ፊሎሜን፣ የማሽላ ጠላ፣ ዶሎ፣ ጠማቂዋ። ሦስት ባል አግብታ ሦስቱንም በወግ በማዕረግ የቀበረች። ጆሮዋ ከደነቆረ ዐሥር ዓመቱ ነውና እንዴት ሰምታ ወጣች ትዪኝ ይሆናል። አልሰማችም፣ ግድግዳዋ ሲንቀጠቀጥ ነው የወጣችው። ኮላ ከሰማይ እግሯ ሥር ዱብ ሲል ምን ታድርግ? እግዜርን አመስግና አነሳችው፣ ወንድሞቿን ጠርታ አካፈለች፣ ሁሉም ቆረጠሙ። የተቆረጠመ ኮላ ደግሞ የተሰጠ ቃል ነው፣ ተመልሶ አይተፋም።

ከዚያ የአዊሳ አባት ላኩብኝ። የቤታችሁ ኮላ እዚያ ማዶ ተበልቷል፣ እንግዲህ ሙሽራችሁም እዚያው ነው አሉ። ልጄ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም፣ ቲፖኮ። ሃያ አራት ዓመቱ ነው። እትዬ ፊሎሜን ለእናቱም ታላቅ ናት። አለቀስኩ፣ አልዋሽሽም።

ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። እኔ ምን አፍ አለኝ፣ ጥግ ላይ ተቀምጬ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅኩ። ኮላ የሚያስረው ቤት የቀረውን ልጅ ነው ወይስ በገዛ እጁ የወረወረውን ሰው? ደግሞ ከቤታችን አርባ ሦስት ዓመት ሳያገባ የኖረ፣ ሙያ ያለው፣ የሚበር ሰው የለም ወይ? ይኸው ነው ያልኩት። ሽማግሌዎቹም እትዬ ፊሎሜንን የወረወረው ያግባት ብለው ፈረዱ። ለካ ማንም አላሰበውም ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፣ ይሄኛው ግን ሲሮጥ ታጠቀና ጠበቀበት።

ሐሙስ የሲድኖማን አዲስ ኮላ አንካሳው ራውጎ በአህያ ይወስደዋል። የአዊሳ አባትም እሺ ብለዋል። የአህያዋን ማርሚታ ማንም እንዳይነካብኝ አደራ ብያለሁ።

ሞረዱ ቆመ ልበል?... የለም፣ አልሰማም። ካንዴላ እየፈታ ይሆናል። ምነው ታዲያ ያንኑ ካንዴላ ሦስቴ ፈቶ ሦስቴ አሰረው? አትመልከቺው አልኩሽ እኮ።

ይልቅ እንመርቀው፣ የቤት ሰው ነው። አንቺ አሜን በዪ። እግዜር ትዳሩን ያቅናለት። ቀስ የማይል ባል ለማትሰማ ሚስት መስጠት የእሱ ሥራ ነው። ከሦስቱ ባሎቿ ዕድሜ የበለጠ ዕድሜ ይስጠው። ሁለቱ ኢምቡቶዎቼም የጥሎሽ ይሁኑለት፣ አልጠይቅም። ሐሙስ ሙሽራ ሆኖ የሷ ደጅ ሲደርስም ጌታ ሞተሩን ቀስ አድርጎ ያጥፋለት... ሁለተኛም አያስነሳበት።

አሜን በዪ እንጂ፣ ቲፖኮ። ጮክ ብለሽ፣ እንዲሰማ።