በኬብሉ ጉድጓድ አፍ ላይ ሁለት በርጩማ

የምስክር ቃል

ስም፦ በተያያዘው የመታወቂያ ቅጂ ላይ የሰፈረው፤ በሰፈሩ የሚታወቁት «በር ሠሪው» በሚል ነው
ዕድሜ፦ 57
ሥራ፦ አናጢ
አድራሻ፦ ከዋናው መንገድ ዳር፣ ከጤና ጣቢያው አጥር ቀጥሎ ያለው ቤት
ከተጠርጣሪዋ ጋር ያላቸው ዝምድና፦ ባል
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ማክሰኞ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት
ጉዳዩ፦ የፋይበር ኬብል ጉድጓድ ክዳን ያለፈቃድ ስለመክፈት

ከላይ የተገለጽኩት ምስክር ማንም ሳያስገድደኝ የማውቀውንና በዓይኔ ያየሁትን ለመርማሪዋ ሳጅን እንደሚከተለው ተናግሬአለሁ።

ተጠርጣሪዋ ባለቤቴ ናት። ሥራዋ ልብስ ስፌት ነው። ከተወለደች ጀምሮ ጆሮዋ አይሰማም። አንዲት ሴት ልጅ አለችን፤ እሷም እንደ እናቷ ናት። ሁለቱ የሚነጋገሩት በእጅ ነው። ይህም በትምህርት ቤት የሚሰጠው የምልክት ቋንቋ ሳይሆን ልጄ ሕፃን ሳለች እቤት ውስጥ ያበጁት ነው። ቋንቋውን በዓለም ላይ የምናውቀው ሦስት ሰዎች ነን፤ እኔ ደግሞ እንደ ግማሽ ሰው ነው የምቆጠረው፤ ጨዋታ ሲደራ ጥለውኝ ይሄዳሉ። በእነሱ ቋንቋ «አባት» ማለት መዳፍን እንደ መላጊያ ወደ ፊት መግፋት ነው።

ልጄ ወደ ከተማ ሄዳ ማተሚያ ቤት ከተቀጠረች ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ከሄደች ወዲህ ቤታችን ጸጥ አለ ብል ሳጅን ይስቁ ይሆናል፤ ድሮም ድምፅ አልነበረበትም። ግን ጸጥ ብሏል።

በእኛ ሰፈር የሞባይል ኔትወርክ ድምፅ እንደምንም ያደርሳል፤ ለሌላው ሰው ይህ ይበቃዋል። ለእኛ ቤት ድምፅ ምን ይሠራል? በምስል ስንሞክር የልጄ እጅ እንደተነሣ ደርቆ ይቀራል። ባለቤቴም ያ እጅ ምን ሊል እንደነበር እየጠበቀች፣ የሞላነው ጥቅል እስኪያልቅ ስልኩን ታቅፋ ትቀመጣለች። ጥቅሉ ደግሞ የአንድ ቀሚስ ስፌቷን ይበላል።

ልጄ መልእክት ትጽፋለች። ባለቤቴ ማንበብ ስለማትችል እኔ አንብቤ በእጄ እነግራታለሁ፤ ከእጅ አይሻል ዶማ እንደሚባለው ነኝ። አንድ ጊዜ ልጄ «ታምሜ ሰነበትኩ» ብላ ስትጽፍ እኔ «ደህና ናት፣ ሥራ በዝቶባት ነው» አልኳት። ባለቤቴ ፊቴን አየችና እጄን ቀጨም አድርጋ ያዘችው። ከዚያ ለቅቃ «ይሄ ያንተ ወሬ ነው፤ የልጄን ስጠኝ» አለችኝ። ነገር በዓይን ይገባል፤ የእሷ ዓይን ደግሞ የጆሮንም ሥራ ደርቦ ነው የሚሠራው።

ሳጅን «አባባ፣ እባክዎ ወደ ክዳኑ ይምጡ» ስላሉኝ ወደ ክዳኑ መጥቻለሁ።

ኬብሉ ሲቀበር ቁፋሮው ያለፈው በእኛ አጥር ሥር ነው። ቆፋሪዎቹ ከተሜውም ገጠሬውም ፈጣን ኢንተርኔት እኩል፣ ያውም በርካሽ እንደሚያገኝ ስለነገሩን ባለቤቴ ውሃ ስታቀብላቸው ከረመች። ኬብሉ ጤና ጣቢያ ገባ፣ ትምህርት ቤት ገባ፣ እዚሁ ፖሊስ ጣቢያ ገባ። እኛ «የመኖሪያ ቤት በሁለተኛው ዙር ነው» ተባልን። ማመልከቻ ይዘን ብንመላለስም ሁለተኛው ዙር መቼ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አላገኘንም። ባለቤቴ በአጥሩ ሥር ባለፈች ቁጥር ቆም ብላ መሬቱን ታያለች።

ባለፈው ወር አንድ ቴክኒሺያን ክዳኑን ከፍቶ መስመር ሲፈትሽ ባለቤቴ ፊቱ ቆማ አላላውስ አለችው። ነገሩን ሳስረዳው አንጀቱን በላችውና በራሱ ላፕቶፕ ወደ ልጄ በምስል ደወለላት። ምስሉ ጥርት ብሎ መጣ፤ እጇ አልደረቀም። ባለቤቴ ስታወራ እስከ ትከሻዋ ትንቀሳቀስ ነበር፤ እንደዚያ ሆና ካየኋት ዘመን የለውም። ብዙም ሳይቆይ ቴክኒሺያኑ ለሌላ ሥራ ተጠርቶ ዘጋው። ሲሄድ እንዲህ አለኝ፦ «አባባ፣ ይሄ ክዳን ከተከፈተ እኛ ማዕከል ላይ ይጮሃል፤ የትም ብንሆን እየበረርን ነው የምንመጣው። እና አደራ፣ ማንም እንዳይነካው ይጠብቁልን።» ይህን ለባለቤቴ አንድም ሳላስቀር አስተረጎምኩላት። በትዳር ዘመኔ ሳልጨምርና ሳልቀንስ ያስተረጎምኩላት ይህን ብቻ ነው፤ ያመጣብኝንም ሳጅን አይተዋል።

ዛሬ ጠዋት ሁለት ሰዓት ግድም ጓሮ ሆኜ በር እየላግኩ ነበር። ዲጂኖዬን ስትወስድ አላየሁም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና፣ መንደሩ ሁሉ ያየውን እኔ የሰማሁት ከጤና ጣቢያው ዘበኛ ነው። ሮጬ ስደርስ ክዳኑ ተነሥቶ በሥርዓት ወደ ጎን ተጋድሟል። ዲጂኖው ተወልውሎ አጥሩን ተደግፏል። ባለቤቴ የክት ልብሷን ለብሳ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ከጎኗ ሌላ ባዶ በርጩማ አለ። የማን ነው ብላት «የቴክኒሺያኑ፤ ባለፈው ቁጢጥ ብሎ ሲሠራ አሳዝኖኛል» አለችኝ። እጇን ወደ ጉድጓዱ አልሰደደችም። እንዲያውም ልጆች እንዳይገቡበት በእግሯ ከልላ ነበር የተቀመጠችው። እየበረረ ይመጣል የተባለው ሳይመጣ ፖሊስ ቀደመው። እጅ ከፍንጅ ተያዘች የተባለው ይህ ነው።

ጣቢያ እንደደረስን ላስተረጉም እጄን ሳነሣ፣ ባል ለሚስቱ አስተርጓሚ መሆን እንደማይችል ሳጅን ነገሩኝ። ሌላ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው እንዳለ ሲጠይቁኝ አንድ ሰው ብቻ አለች፣ እሷም ሩቅ ናት አልኳቸው። ሳጅን የቢሮአቸውን ኮምፒውተር ወደ ባለቤቴ አዞሩት። እኔ በሩ አጠገብ እንድቀመጥና እጄን ኪሴ ውስጥ እንዳስገባ ታዘዝኩ፤ አስገባሁ።

ልጄ ከማተሚያ ቤቱ፣ ሽርጧን እንደታጠቀች በምስል መጣች። አሠራሩም እንዲህ ነበር፦ ሳጅን ጥያቄውን ይጽፋሉ፣ ልጄ ለእናቷ በእጅ ትነግራታለች፣ የእናቷን መልስ ደግሞ ጽፋ ትልካለች። የመጀመሪያው ጥያቄ ክዳኑን ለምን እንደከፈተች ነበር። ባለቤቴ መመለስ ጀመረች፤ አላቆመችም። ሳጅን ሰዓታቸውን አዩ፤ ቆይተው ደግመው አዩ። በመጨረሻ ልጄ «ቴክኒሺያኑ እንዲመጣ» ብላ ጻፈች።

«ይሄን ሁሉ አውርተው ይሄ ብቻ ነው?» አሉ ሳጅን።

ልጄ «ሌላው ከጉዳዩ ጋር አይገናኝም» ብላ ጻፈች።

ሌላውን በከፊል አይቻለሁ፤ ምስክር ነኝና እናገራለሁ። ባለቤቴ ልጄን ምነው ፊትሽ ጠቆረ አለቻት። ታምማ የሰነበተችበትን ከሥሩ አወጣጣቻት። ያን ጊዜ ባለቤቴ ዞር ብላ አየችኝ፤ እኔ ጣሪያውን አየሁ። ቀጥሎ ልጄ ስለ እኔ ልትጠይቅ አንድ ምልክት አሳየች፤ የከተማው ምልክት ነው መሰለኝ፣ እናቷ አልገባትም። ልጄ ሌላ ልትሞክር እጇን አነሣች፤ እጇ አየር ላይ ቀረ። ኔትወርኩ ደርቆ አልነበረም። ረስታው ነው። ባለቤቴ መዳፏን እንደ መላጊያ ወደ ፊት ገፋች። ልጄም እያለቀሰች መዳፏን ገፋች፣ ደግማ ደጋግማ ገፋች። እኔ እጄን ከኪሴ አላወጣሁም፤ ኪሴ ውስጥ ግን መዳፌ ይገፋ ነበር። ይህም ጥፋት ከሆነ ይመዝገብልኝ።

ቴክኒሺያኑ ከቀትር በኋላ ደርሶ ኬብሉ እንዳልተነካ አረጋገጠ፤ ያለኝንም እንዳለኝ አመነ። ሳጅን ባለቤቴ ወንጀል እንደሌለባትና ወደ ቤቷ መሄድ እንደምትችል ሲናገሩ እጄን ከኪሴ አውጥቼ ነገርኳት። ከወንበሩ አልተነሣችም። «ሌላ ጥያቄ የላቸውም ወይ?» አለችኝ። የላቸውም አልኳት። «በደንብ አልጠየቁኝም። ስለ ዲጂኖው ምንም አልጠየቁኝም» አለች። ኮምፒውተሩ ተዘግቷል፤ እሷ ከፊቱ እንደተቀመጠች ናት። ሰው ልጁን ለማየት የግድ መጠርጠር አለበት ወይ ብዬ ልጠይቅ ስል ምስክር ይመልሳል እንጂ አይጠይቅም ተባልኩ።

ከላይ የሰጠሁት ቃል በሙሉ እውነት ነው። በእኔ እጅ ያለፈውን የባለቤቴን ቃል እንዳለችው አቅርቤአለሁ፤ አላለሰለስኩትም። በተፈለግሁ ጊዜ እቀርባለሁ። ባለቤቴም በተፈለገች ጊዜ፣ ሳትፈለግም ጭምር፣ እንደምትቀርብ አስመዝግብልኝ ስላለችኝ አስመዝግቤአለሁ። ቃሌ ተነቦልኝ ፈርሜአለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ተፈርሟል
ቃሉን የተቀበለችው መርማሪ ሳጅን ፊርማ፦ ተፈርሟል

የመርማሪ ማስታወሻ፦ ክስ የለም። ሆኖም ስለ ዲጂኖው ያልቀረበ ጥያቄ ስላለ እናት ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ይቅረቡ። አስተርጓሚ፦ ልጃቸው፣ በምስል።