ብጣሽ ስትታጠብ

ነይ እስቲ ብጣሼ፣ ሳፋው ውስጥ ግቢ። ውሃው ለብ ያለ ነው፤ በክርኔ ሞክሬዋለሁ። ዛሬ ደግሞ ምን የመሰለ ቀን ነው! ፀሐዩ ወጥቷል፣ ነፋስ የለም፣ ፎጣሽም ሽቦው ላይ ደርቆ ኩርምት ብሏል። እንዲህ ባለ ቀን ያልታጠበ ውሻ መቼ ሊታጠብ ነው?

አትንቀጥቀጪ። ሳሙና ነው እንጂ ቢላዋ አልያዝኩም።

ቆሽሸሽ አይደለም የማጥብሽ። ትናንት ታጥበሻል። ግን እንግዳችን ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ገና ሲገቡ አፍንጫቸውን በመሀረብ ያዙና "መኪናዬ አዲስ ናት፣ ሳትታጠብ አላስገባትም" አሉ። እውነታቸውን ነው። አዲስ መኪና እኮ እንደ አራስ ነው። ሽታ አይወድም፣ አቧራ አይወድም... ዘመድም እምብዛም አይወድም።

በሩን ልዝጋው እንዴ? ተይው፣ ክፍት ይሁን፤ እንፋሎቱ ይውጣ። ሳሎን የተቀመጠ ሰው ምን ይሰማል ብለሽ ነው? ደግሞስ ቢሰማ? እኔ የማወራው ካንቺ ጋር ነው። የድሮ ሰዎች "ልጄ እነግርሻለሁ፣ ምራቴ ስሚ" ይሉ ነበር። እኔ ልጅም የለኝ፣ ምራትም የለኝ። ለውሻዬ ባወራ ማን ይቀየመኛል?

እግርሽን ስጪኝ። ያንን አይደለም፣ ሌላውን። ይኼ ጣትሽ መሀል የተሰነቀረው ምንድን ነው? ክር! ጥቁር ክር። የደንበኛችን የዳኛው ካባ ነዋ! አንቺ እኮ ከማን ልብስ ላይ እንደምትተኚ ታውቂበታለሽ። እኒያ የተከበሩ ሰው ባለፈው ችሎት ሲሰየሙ ጀርባቸው ላይ ያንቺ ነጭ ፀጉር ተነጥፎ ነበር አሉ። ተከሳሹ ሳቀ፣ ጠበቃው ሳቀ፣ ጸሐፊዋ ከጠረጴዛው ሥር ገብታ ሳቀች። ተቆጥተው መጥተው ምን አደረጉ? ሆድሽን አክከው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ቁልፍ ሳይላላ ቁልፍ ላስጠብቅ ብለው ይመጣሉ።

እንግዲህ ምን ያላደረግሽኝ ነገር አለ? ሜትሬን ከጫፉ በልተሽዋል፤ የሰው ወገብ የምለካው ከመሀል ጀምሬ እየቀነስኩ ነው። የሙሽራ ቬሎ ላይ እንደ ወለደች ድመት ተጠቅልለሽ አግኝቼሻለሁ። ካውያው "ጢስ" ባለ ቁጥር ሌባ ገባ ብለሽ ጎረቤት ታስነሻለሽ። መንገድ ላይ ጥጃ የሚያህል ውሻ ስታዪ ከእግሬ ኋላ ተደብቀሽ ትሳደቢያለሽ፤ ተሰዳቢው እሱ፣ ተነካሹ እኔ! ዝናብ ሲዘንብ አልወጣም ትያለሽ፣ ሲያባራ ምንጣፉ ላይ ጨርሰሻል። ስታንኮራፊ ደግሞ... የአንቺን ቁመትና የማንኮራፋትሽን ቁመት ጎን ለጎን ያየ ሰው ሁለት ውሻ አለህ ወይ ይለኛል።

ሳቅኩ አይደል? ዛሬ ምን እንዳሳቀኝ እንጃ። ጥርሴ አልገጥም ብሎኛል።

እኔ በልጅነቴ ውሻ የማውቀው በጥርሱ ነበር። ለሥራ ተልኬ እንጨት መሰንጠቂያ ግቢ ውስጥ ነበር የማድረው። የግቢው ውሻ አጥንት ሲጣልለት እሱም እኔን ያያል፣ እኔም አጥንቱን አያለሁ። ማን ይቀድም እንደነበር አልነግርሽም። ያ ሰው ነው እንግዲህ ዛሬ ዓይን የማያቃጥል ሻምፖ አለ ወይ እያለ ሱቅ ለሱቅ የሚዞረው።

ጆሮሽን ልሽሽ፤ እስከዚያ ተረት ላውራልሽ።

አንዲት የተከበሩ ሴት ነበሩ አሉ። ልባቸው ሩኅሩኅ ነው። ከሩኅሩኅነታቸው ብዛት ያዩትን ሁሉ ይወዳሉ፣ የወደዱትን ሁሉ ያነሳሉ፣ ያነሱትን ሁሉ ደግሞ... ወንድማቸው ቤት ያስቀምጣሉ። ወንድማቸው ልብስ ሰፊ ነው። ቤቱ ጠባብ ነው፤ ሰፊው እሱ ብቻ ነው።

አንድ ቀን ጭብጥ የማትሞላ ቡችላ በቅርጫት ይዘው መጡ። አንገቷ ላይ የሐር ጥብጣብ ታስሯል። ስሟ "ልዕልት"። "የቤት ዕቃዬን ሁሉ በላችብኝ፣ ደግሞም ጉዞ አለብኝ፤ ለአንድ ሳምንት ብቻ ያዝልኝ" አሉ። የሳምንት ጉዞ እንዴት ያለ ረጅም ጉዞ ነው ጃል! ሁለት ክረምት አለፈ። መንገዱ ርቋቸው ይሆናል። ከዚህ እሳቸው ቤት በእግር ስንሄድ አንቺ እንኳ ሳትደክሚ እንደርሳለን፤ በመኪና ግን ስንት ቀን እንደሚወስድ ማን ያውቃል?

ረሷት እንዳትዪ ታዲያ! በፍጹም። ፎቶዋን ስልካቸው ላይ ለጥፈውታል፤ "የልቤ ንግሥት" ብለው ጽፈውበት። ስንቱ ሰው አደነቀ! ስንቱ "ምን ዓይነት ልብ ነው የሰጠሽ" አለ! በዚያው ሰሞን ንግሥቲቱን ተቅማጥ ይዟት፣ ልብስ ሰፊው ተንበርክኮ ወለል ይወለውል ነበር። ፍቅር እንዲህ ነው ብጣሼ፤ አንዱ ይጽፈዋል፣ አንዱ ይወለውለዋል።

ስሙንም ልብስ ሰፊው አልቻለበትም። እስቲ አሁን በደንበኛ ፊት "ልዕልት ሆይ፣ ከሰውየው ሱሪ ላይ ውረጂ" ይባላል? ብጣሽ አላት። ከመቀስ አምልጣ ወለል ላይ የወደቀች ጨርቅ ትመስል ነበርና።

ሆድሽን አዙሪልኝ... እንዲያ ነው።

ከዚያማ እኒያ ሴት አዲስ ቤት ገቡ አሉ። ሣር ያለው ነው። ጎረቤቶቻቸው ሁሉ ማታ ማታ ትንንሽ ውሻ እየጎተቱ ይንሸራሸራሉ፤ እሳቸው ብቻ ባዶ እጃቸውን። አያሳዝኑም? ሰው እኮ ባዶ እጁን ሲሄድ እጁን የት እንደሚያደርገው ይጠፋዋል። ሌላ ቡችላ እንዳያመጡ ቡችላ ዕቃ ይበላል። ያኔ ነው ልብስ ሰፊው ቤት ያለችው ትዝ ያለቻቸው። አድጋለች፣ ተገርታለች፣ ሽንቷን ለይታለች። የበሰለ ነገር ማን ይጠላል? ዘሩን የዘራው ሌላ ቢሆን፣ አረሙን ያረመው ሌላ ቢሆን፣ ለአጨዳ በሰዓቱ መድረስም እኮ ሙያ ነው!

"ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ" ይባላል። እኔ ግን ይኼ ተረት ለልብስ ሰፊ አይሠራም እላለሁ። አጥር የሌለው ሰው ምኑ ይነቀነቃል? ውሻው ይወሰዳል እንጂ።

ልብስ ሰፊው ምን መለሰ? "እሺ፣ ልጠባት" አለ። እሺ ማለት ልማዱ ነው፤ ሕፃን ሆኖ ያስተማሩት ብቸኛ ትምህርት እሱ ነው። ብቻ አንድ ነገር አለ። የስፌት መኪናውን ሲረግጥ እግሩ ላይ የምትተኛ ፍጥረት አለች። ሙቀቷ ከሌለ ስፌቱ ቀጥ ብሎ የሚሄድ አይመስለውም። ይኼ ግን ምክንያት ይሆናል? አንድ ሽማግሌ እግሩን በረደው ተብሎ የሰው እጅ ባዶውን ይንሸራሸር?

ደግሞስ በዚህ ቤት "ለአንድ ሳምንት" ተብላ የመጣች አንቺ የመጀመሪያዋ መሰለሽ?

ካንቺ በፊት እናታቸውም መጥታ ነበር። በትንሽ ሻንጣ። "ቤቴን ቀለም እያስቀባሁ ነው፣ ሽታው እንዳያማት፣ ለአንድ ሳምንት" ተብሎ። ምን ዓይነት ቀለም እንደሆነ እንጃ፤ እሷ እስክትሞት አልደረቀም። መስኮቱ አጠገብ ነበር የምትቀመጠው፤ አሁን የአንቺ ጨርቅ ያለበት። ውጭ መኪና በቆመ ቁጥር እናታችን... እናታቸው ማለቴ ነው... ፀጉሯን ታስተካክል ነበር። ልብስ ሰፊው ማበጠሪያውን ያቀብላታል። መኪናው የሌላ ሰው ሲሆን መልሶ ይቀበላታል።

በቀብሩ ላይ ግን... እውነቱን እንናገር። እንደ እኒያ ሴት አምሮበት ያለቀሰ አልነበረም። ጥቁሩን ልብስ የሰፋላቸው ራሱ ልብስ ሰፊው ነው። ወገቡ ልክክ ብሎ ነበር።

ኧረ አትርገፍገፊ! ኧረ ተይ! ይኸው መነጽሬን! አንቺ እኮ ከሳፋው ውሃ ይልቅ ግድግዳው ላይ ያለው ይበልጣል! ምን ያስቀኛል ደግሞ? አፌ ውስጥ አረፋ ገብቶ እስቃለሁ እንዴ? ነይ፣ ፎጣው ውስጥ ግቢ። አፍንጫሽ ብቻ ቀረ። አሁን ማን ይሙት ካንቺና ከተጠቀለለ ካልሲ ማን ይለያችኋል?

ስሚ፣ እየጠሩሽ ነው። "ልዕልት! ልዕልቴ፣ ነይ!" እያሉ። ምነው ዞር ብለሽ በሩን ታያለሽ? ሌላ ሰው የመጣ መሰለሽ? አንቺን ነው! አዎ፣ አንቺን። እሺ፣ እኔም መጀመሪያ ግር ብሎኝ ነበር።

ሂጂ እንጂ። ሰው ሲጠራ ይሄዳል። አንቺ እንደሆንሽ ስትጠሪ ወዲያው ነው የምትሄጂው። አልሄድም? ቆይ እንግዲያው፣ ጥብጣቡን ላስርልሽ፤ ያምርብሽና ትሄጃለሽ። ቋጠሮው አይይዝም፣ ፀጉርሽ ያንሸራትተዋል። ከላይ በስፒል ላስይዘው። እስቲ ስፒሎቹን በከንፈሬ ልያዝ...

እም።

እም፣ እም።

...ወዴት ነው? ኧረ ብጣሽ! ቆይ ስፒሉን ካፌ ላውጣ። ብጣሽ! እርጥብ እግርሽን! ኧረ የእንግዳችንን ጫማ! በጥርሷ ይዛው... ኧረ እግራቸው ሥር አኖረችው! የቀኙ ነው። ተመስገን በአንዱ ታበቃለች... አይ። የግራውንም ልታመጣ ሄደች።

ወይ ጉድ! እንግዳችን ይስሙኝ፣ ይኼ የሥራችን ጠንቅ ነው፤ ክፋት የለበትም። ሙሽራ ለልኬት ስትመጣ ነጩ ጨርቅ እንዳይረገጥ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ነው በርጩማው ላይ የምትወጣው። ልብስ ሰፊ ደግሞ አፉ ስፒል ይሞላል፣ መናገር አይችልም። አንድ "እም" ካለ ዙሪ ማለቱ ነው። ሁለት "እም" ካለ ጨርሰናል ማለቱ ነው። ብጣሽ "ጨርሰናል" ሲባል ሮጣ የሰውየውን ጫማ ታመጣለች። ደህና ሁኑ ማለቷ ነው፣ ሌላ ቋንቋ የላትም። ማንም አላስተማራትም! እግሬ ሥር ተኝታ አይታ ነው። ደንበኞቻችን ደስ ይላቸዋል፤ ሌላ ቤት በአፍ ያስወጣሉ፣ እዚህ በጫማ እንሸኛለን እያሉ ይስቃሉ።

ብቻ እኔ አላዘዝኩም። ልብ በዪልኝ፣ አንቺ ራስሽ ነሽ። ስፒል የጎረሰ ሰው ምን ሊያዝ ይችላል?

ተቀመጭ አሁን። ጅራትሽን አታወዛውዢ፤ ነውር ነው። እኔም አልስቅም። ይኸው፣ ከንፈሬን ነክሻለሁ። እንግዳ ፊት አይሳቅም።

ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማሽ? ተነሱ። ጫማቸውን እያደረጉ ነው። ተረከዙ አልገባ አለ መሰለኝ... ትንሽ ለሐጭሽ ነክቶት ይሆናል። ሳይቀመጡ በአንድ እግር ቆመው! እንዴት ያሉ ጠንካራ ሴት ናቸው! እንዴ፣ የበሩ እጀታ ነው? ያለ ልዕልታቸው?

ሂደዋል። ማሰሪያውንም ሶፋው ላይ ጥለውት ሂደዋል። አዲስ ነው፣ ቀይ፣ ዋጋው እንኳ አልተቀደደለትም። ሮጠን እናድርስላቸው ይሆን? ...ጉልበቴን አሞኛል። አንቺም ፀጉርሽ አልደረቀም፣ ብርድ ይመታሻል። ለሌላ ጊዜ ሲመጡ ይወስዱታል። አንድ ሳምንት ቢሆን ነው።

ነይ እቅፌ ውስጥ ግቢ። አልነግርሽም ብዬ ነው እንጂ ጠዋት ስልክ ደውለው "ልወስዳት እመጣለሁ" ካሉ ጀምሮ መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ማስገባት አቅቶኝ ነበር።

በሩ አልተዘጋም፤ ደረጃውን ገና እየወረዱ ነው። በሉ ቀስ ይበሉ፣ ታችኛው መወጣጫ ያዳልጣል! ሳንመርቃቸው ይሂዱ እንዴ? የሥጋ ዘመድ ናቸው እኮ። ጠጋ በይ ወደ በሩ፣ ድምፃችን ይድረሳቸው።

እግዜር ዕድሜያቸውን ያርዝመው። ቤታቸው ይሙላ፣ ሣሩ ይለምልም፣ መኪናቸውን ጭረት አይንካት። ፀጉራቸው ጥጥ እስኪመስል፣ ጉልበታቸው እስኪዝል ያኑራቸው። ያን ጊዜ ልጆቻቸው ይሰብሰቡላቸው። እሳቸው እናታቸውን በወደዱበት ልክ... ሳይጨምሩ፣ ሳይቀንሱ... ልክ እንደዚያው አድርገው ይውደዷቸው።

አሜን በይ፣ ብጣሼ።