ድንጋይ የተሸከመ ፊዚክስ ያልፋል

በአንዲት የወረዳ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ረፋድ ላይ፣ የርዕሰ መምህሩ የአቶ ገበየሁ ቢሮ፤ ከመስኮቱ ማዶ ባለው አዲስ አዳራሽ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎችና ወላጆች «የዩኒቨርሲቲ ሕይወት ዝግጅት» ለሚባለው ስልጠና ተሰብስበው ይጠብቃሉ፤ አምና ከዚሁ ትምህርት ቤት የወጣችው ትብለጥ ወረቀት ይዛ ጠረጴዛው ፊት ቆማለች።

ትብለጥ፦ አንድ ማኅተም እኮ ነው የለመንኩዎት መምህር። ኩላሊትዎን አልጠየቅኩም!

ገበየሁ፦ እኔስ የለመንኩሽ አንድ ንግግር አይደል? ተጽፎ፣ ታይፕ ተደርጎ፣ ነጠላ ሰረዙ ሳይቀር ተቀምጦልሽ። አንብበሽ ትወርጃለሽ፤ ማኅተሙ ያርፍልሻል። ሰጥቶ መቀበል ነው።

ትብለጥ፦ የድጋሚ ፈተና ምዝገባው ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል። ማኅተም የሌለው ትራንስክሪፕት ይዤ ብሄድ ከበር ነው የሚመልሱኝ። ዘንድሮ ካልተፈተንኩ ደግሞ ሌላ አንድ ዓመት ቤት መቀመጤ ነው።

ገበየሁ፦ እንግዲያው ቶሎ አንብቢያ! እኔ ነኝ የማዘገይሽ?

ትብለጥ፦ እስቲ ያምጡት። «እኔ ትብለጥ አንዷለም፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ...» ተማሪ? መምህር፣ ከተባረርኩ ሦስት ሳምንቴ ነው።

ገበየሁ፦ ቀስ በይ እንጂ! «ተባረርኩ» አይባልም። «ለእረፍት መጣሁ» ነው የሚባለው።

ትብለጥ፦ የአቅም ማሻሻያውን ሬሜዲያል የወደቀ ሰው እረፍቱ ዘላለማዊ ነው።

ገበየሁ፦ ምላስሽ ግን አልወደቀም። ስሚኝ፤ ከመቶ ሰማንያ ሰባት ተማሪ ውስጥ ዶርም ገብታ አድራ የመጣች ሴት አንቺ ብቻ ነሽ። ሌላ ማንን ላቁም? ዘበኛውን?

ትብለጥ፦ እሳቸው ይሻላሉ። ቢያንስ አልተባረሩም።

ገበየሁ፦ አንብቢ ብዬሻለሁ።

ትብለጥ፦ «ወደ ዩኒቨርሲቲ ስትሄዱ ቀዳሚው ጉዳይ የሻንጣ አዘገጃጀት ነው። አንሶላ ሁለት፣ ነጠላ ጫማ አንድ፣ የበሶ ዱቄት እንደየአቅማችሁ...» ይኼን ማን ነው የጻፈው?

ገበየሁ፦ ኮሚቴው።

ትብለጥ፦ ኮሚቴው ዩኒቨርሲቲን የሰማው ከሹፌር ነው እንዴ? «በዶርም ውስጥ ከመጥፎ ጓደኛ ተጠንቀቁ። በፍቅር ጉዳይ እስከ ሦስተኛ ዓመት አትቸኩሉ።» ሦስተኛ ዓመት! መምህር፣ አምና ከዚህ ትምህርት ቤት ፈተናውን ስንት ሰው አለፈ?

ገበየሁ፦ ወደዚያ አትሂጂ።

ትብለጥ፦ ዜሮ። ሦስታችን በሬሜዲያል ተንጠላጥለን ሄድን፤ ሦስታችንም ተመለስን። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! እርስዎ ደግሞ አዳራሽ ሙሉ ሰው ሰብስበው ማለቢያ ያድላሉ።

ገበየሁ፦ ተስፋ ነው የምሰጣቸው! ደግሞ ከዞን የመጡት ሰውዬ ቅጽ ይዘዋል። ቅጹ ላይ «ስልጠና ተሰጥቷል፣ አልተሰጠም» ይላል። «ስንት አለፈ» የሚል ቦታ የለውም። ያልጠየቁኝን ልመልስ?

ትብለጥ፦ ታዲያ ንግግሩን እርስዎ ያንብቡትና «ተሰጥቷል» ላይ ምልክት ያድርጉ። እኔ ምን አገባኝ?

ገበየሁ፦ ሕያው ምሳሌ አምጣ ብለውኛል።

ትብለጥ፦ ሕያው ምሳሌ ከፈለጉማ ያየሁትን ልናገር። ከወረቀት ሳላነብ።

ገበየሁ፦ ምን ልትይ? የካፌው ወጥ ቀጠነ ልትይ?

ትብለጥ፦ ወጡ ቀጭን ነው፤ ይበላል። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ የፊዚክስ መምህሩ ገባና «በትምህርት ቤታችሁ ፊዚክስ ከዘጠና በላይ የነበራችሁ እጅ አውጡ» አለ። እኔ ካርዴ ላይ ዘጠና አራት አለኝ። አወጣሁ። ኮርቼ ነው ያወጣሁት መምህር፣ ክንዴ ቀጥ እስኪል።

ገበየሁ፦ ጎበዝ። እንዲህ ያለውን ተናገሪ!

ትብለጥ፦ «ነይ ውጪ፣ ይቺን ሥሪልን» ብሎ ጠመኔውን ሰጠኝ። ሰሌዳው ላይ ያለው ነገር ፊደሉ እንጂ ትርጉሙ ጠፋኝ። «አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ ያለ ነው እኮ፣ ቀላሉን ነው የሰጠሁሽ» ይለኛል። አርባ ሰው ይስቃል። አፈርኩ። እስከ ዛሬ ሳስበው ፊቴን ያቃጥለኛል።

ገበየሁ፦ ድንግጥ ብለሽ ነው። በሰው ፊት ሲቆሙ ያለ ነው።

ትብለጥ፦ አልደነገጥኩም። አልተማርኩም! የፊዚክስ መምህራችን ተዛውሮ ከሄደ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ክፍላችን ባዶ አልነበረም?

ገበየሁ፦ እኔ ምን ላድርግ? ስድስት ደብዳቤ ጽፌያለሁ። «በሂደት ላይ ነው» እያሉ ሸኙኝ። ሰው ከየት ልውለድ?

ትብለጥ፦ መምህር መውለድ አይችሉም፤ ዘጠና አራትን ግን ወለዱ።

ገበየሁ፦ ካርዱ ላይ ባዶ ቦታ ልተው ኖሯል? ለዚያውም በዘፈቀደ አልሰጠሁም። ከወንዙ እስከ አዳራሹ መሠረት ድንጋይ ስትሸከሙ በስም እያስመዘገብኩ ነው። ሥራ ማለት ኃይል ሲባዛ በርቀት ነው። ኃይሉን አውጥታችኋል፤ ርቀቱን ሄዳችኋል። ይኼ ፊዚክስ ካልሆነ ምንድነው?

ትብለጥ፦ ለዚህ ነዋ ሙሉቀን ዘጠና ዘጠኝ ያመጣው!

ገበየሁ፦ ትልልቁን ነበር የሚሸከመው። አልበደልኩትም።

ትብለጥ፦ ሙሉቀን ስሙን ሲጽፍ አንድ ፊደል ይገድፋል።

ገበየሁ፦ ስም መጻፍ የአማርኛ ነው። ከፊዚክስ ጋር አታምታቺ።

ትብለጥ፦ እኛስ ሸክም ነው ብለን ተሸከምን። «ተምራችኋል» ብለው ማኅተም ባያሳርፉበት ኖሮ፣ አለማወቃችንን አውቀን እንሄድ ነበር። እኔ እኮ ጎበዝ ነኝ ብዬ ነው የሄድኩት። ይኼ ነው ያንገበገበኝ!

ገበየሁ፦ አይ እንግዲህ፣ አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። ይቺን ድንጋይ የምትባል ነገር እዚያ አዳራሽ ብታነሻት ማኅተሙን በዓይንሽም አታይው።

ትብለጥ፦ ትራንስክሪፕት መብቴ ነው።

ገበየሁ፦ መብትሽ ነው፤ መሳቢያው ግን የኔ ነው፤ ቁልፉም እዚህ ኪሴ ውስጥ። ደግሞ ሌላም ነገር አለ። እናትሽ እታለማሁ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል።

ትብለጥ፦ አይቻታለሁ።

ገበየሁ፦ «ልጄ ለእረፍት መጣችልኝ» እያሉ ነው ለሰፈሩ። ጠዋት በር ላይ አግኝተውኝ መርቀውኛል፤ እጄን አልለቅም ብለው። እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም። ግን ስማቸው ሲነሳ፣ ከዞን የመጡት ሰውዬ ልጃቸው ስንተኛ ዓመት ናት ብለው ቢጠይቁኝ... እኔ መዋሸት አልወድም።

ትብለጥ፦ እርስዎ? መዋሸት?

ገበየሁ፦ ገበናሽን ሸፍኜ ይዣለሁ ማለቴ ነው። ሽፋን ደግሞ ከሁለት ወገን ነው የሚያዘው። እኔ ጫፉን ብለቀው እናትሽ በሕዝብ ፊት ምን ይውጣቸዋል? ልብ በይ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ነው፤ እኔ አጥርሽን አልነቀነቅኩም።

ትብለጥ፦ ይነቅንቁት መምህር። ይለቀቅ።

ገበየሁ፦ ምን አልሽ?

ትብለጥ፦ ነግሬያታለሁ። ጠዋት ወደዚህ ስንመጣ፣ ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ ስንደርስ። ሦስት ሳምንት አፌ ላይ ደርሶ ሲመለስ የነበረውን እዚያ አወጣሁት።

ገበየሁ፦ እና... ምን አሉ?

ትብለጥ፦ መንገድ ዳር ቁጭ ብላ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። የወፍጮ ቤቱ ሰው ሰው የሞተብን መስሎት እግዜር ያጽናችሁ አለን።

ገበየሁ፦ ወይ ጉድ። ታዲያ በር ላይ ምነው ሲመርቁኝ?

ትብለጥ፦ እጅዎን አልለቅም አለች አላሉም? ፊትዎን በደንብ ልየው ብላ ነው። እኔ ታምሜ በቀረሁባቸው ሁለት ሳምንታት ድንጋዩን በእኔ ስም የተሸከመችው እሷ ነበረች። እንባዋን ጠርጋ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው፤ «ከዘጠና አራቱ የእኔ ስንት ነው?»

ገበየሁ፦ ትቀልጃለሽ።

ትብለጥ፦ እሷ አልቀለደችም። ለጥያቄ ሰዓት እጅ አወጣለሁ ብላለች። አጠገቧ የሙሉቀን አባት ተቀምጠዋል፤ እሳቸውም በጋሪ አመላልሰዋል አሉ። ምን ያህል ወላጅ እንደተሸከመ ገና አሁን እየተነጋገሩ ነው።

ገበየሁ፦ ከዞን የመጡት ሰውዬ የት ነው የተቀመጡት?

ትብለጥ፦ ፊት ለፊታቸው። ማይክ ሳያስፈልግ ይሰማሉ።

ገበየሁ፦ ... አምጪው ወረቀቱን።

ትብለጥ፦ ንግግሩስ?

ገበየሁ፦ ይቅር ንግግሩ! ይቅር! ይኸው፣ ታተመልሽ። ፊርማውም ይኸው። ቀኑም ተጻፈ። አሁን በጓሮ በር ውጪና እናትሽን በስልክ ጥሪያቸው። ድንገት አሟት ሄደች እላለሁ።

ትብለጥ፦ እግዜር ይስጥልኝ መምህር። ይሰማዎታል? ስሜን እየጠሩ ነው።

ገበየሁ፦ ወደ በሩ ነው ያልኩሽ፣ ወደዚያ! የፈለግሽውን አገኘሽ አይደል? ተስማምተን ጨረስን እኮ!

ትብለጥ፦ የተስማሙት ብቻዎን ነው። ምዝገባው እስከ ስድስት ነው፤ ገና አምስትም አልሆነ። ይምጡ እንጂ አብረን እንግባ፤ እናቴ እጇን ስታወጣ መልሱን እኔ ከየት አመጣዋለሁ?