ተረተሩ ሳይደርቅ

(ወሎ፣ ደጋው ላይ። ትናንት ጧት ዝናብ የጠገበው ተረተር ተንዶ የዘሀራን አንድያ ልጅ እንድሪስን ከነቤቱ ቀብሮታል፤ የሟች ባሏ ታላቅ ወንድም ይመር የናዳውን አናት አይተው ሲወርዱ መንገድ ላይ ጠብቃቸዋለች።)

ዘሀራ፦ ቆፍሩ ይበሏቸዋ፣ አያ ይመር። ጎረምሶቹ አካፋ ተደግፈው የአንቱን አፍ ነው የሚጠብቁ።

ይመር፦ አልልም።

ዘሀራ፦ ልጄ ከሥር ነው።

ይመር፦ ከላይ ደግሞ ገና ያልወረደ ግማሽ ተረተር አለ። አናቱ ተሰንጥቋል። ጧት ጣቴ የማይገባበት ስንጥቅ አሁን ክንዴ እስከ ብብቴ ይገባል።

ዘሀራ፦ ይኸ ተራራ መቼ ሳይሰነጠቅ ኖሮ ያውቃል?

ይመር፦ ያኔ ደረቅ ነበር። አሁን ሳምንቱን ሙሉ የጠጣውን ውሃ በሆዱ ይዞታል። ምንጭ ባልነበረበት ውሃ ፈልቋል፤ ያውም ድፍርስ፣ ውስጥ ውስጡን እያጠበ። ስረግጠው እንደ ሊጥ እግሬን ይውጣል። ጥዶቹም ወደ ቁልቁል አዘንብለዋል።

ዘሀራ፦ አንቱ ጥድ ሲያዩ እሱ ትንፋሽ ያጥረዋል።

ይመር፦ ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ከግርጌ ቢቆፍሩት የላዩ ይለቀቃል፤ ቆፋሪውን ሁሉ ይዞ ነው የሚሄድ።

ዘሀራ፦ ድምፁን ሰምቻለሁ ብልዎትስ?

ይመር፦ ሰምተሻል?

ዘሀራ፦ እሱን ይተዉትና ቆፍሩ ይበሏቸው።

ይመር፦ በአላህ ይዤሻለሁ፣ ዘሀራ። ሰምተሻል?

ዘሀራ፦ አልሰማሁም። ጆሮዬን ጭቃው ላይ ለጥፌ ዋልኩ። ውሃ ብቻ ነው የሚሰማ።

ይመር፦ እኔም ተደፍቼ አዳምጫለሁ። ስሙን ጠራሁ፣ ጠራሁ።

ዘሀራ፦ እንግዲያ ሬሳውን እንኳ። ታጥቦ፣ ተከፍኖ፣ ተሰግዶበት ይቀበር።

ይመር፦ ይወጣል። ዝናቡ ያባራ፣ መሬቱ ይጠጥር፣ መጀመሪያ ዶማ የማነሳው እኔ ነኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል።

ዘሀራ፦ እኔ የፈሰሰብኝ እህል አይደለም፣ አያ ይመር።

ይመር፦ አፌን ይቁረጠው። ወንድሜ ከሞተ ወዲህ ያ ልጅ ጫንቃዬ ላይ ነው ያደገ። ቤቱን ሲሠራም ማገር አቀባዩ እኔ ነበርኩ።

ዘሀራ፦ ታዲያ እንዴት ጨከኑ?

ይመር፦ ከወንዙ ማዶ የቆሙትን ሴቶች እያቸው። አካፋ የያዙት ልጆቻቸው ናቸው። አንዷም ልጄን መልሱልኝ አላለች፤ አንቺን አፍረው።

ዘሀራ፦ ከፊት ያለችው ሉባባ ናት?

ይመር፦ ናት።

ዘሀራ፦ እንድሪስን ስወልድ ወገቤን የያዘች። ልጇ የት አለ?

ይመር፦ ናዳው አፍ ላይ። ራቅ በል ስለው «እንድሪስ ቢሆን ለእኔ ይቆፍር ነበር» አለኝ።

ዘሀራ፦ ይቆፍር ነበር።

ይመር፦ እስካሁን በእኔ ቃል ቆመዋል። አንቺ ስታለቅሺ ካዩ ግን ቃሌ አይዛቸውም።

ዘሀራ፦ እጄን ይያዙኝ። ወደነሱ ልውረድ።

ይመር፦ ምን ልትያቸው?

ዘሀራ፦ «ወደ እናቶቻችሁ ሂዱ፤ እንድሪስን እኔ እጠብቀዋለሁ» ልላቸው።