ዕረፍቷን ለአንድ «አይደለም»

አናጢው ጎረቤታችን ሰውንም እንደ ጣውላ በዓይናቸው ለክተው «ይህ ያጥራል፣ ያ ጠማማ ነው» ማለት ስለሚወዱ ሰፈሩ ጋሽ ሜትር ብሎ ሰይሟቸዋል። ፊት ለፊታቸው ግን በዚህ ስም የሚጠራቸው የለም። ሰፈራችን ቀልደኛ ቢሆንም እብድ አይደለም።

አንድ ጠዋት ጋሽ ሜትር የፍርድ ቤቱን አግዳሚ ወንበሮች ሊጠግኑ መሣሪያቸውን ይዘው በጓሮ በኩል ሲያልፉ፣ ከአንዲት ጠባብ ክፍል የሚያውቁት ድምፅ ሰሙ።

«አንቺ ምስጋና ቢስ! ያበላሁሽን ረስተሽ ነው ዛሬ የምትከሺኝ? በገዛ ፈቃድሽ አይደለም ወይ ጥለሽኝ የሄድሽው?»

የእህታቸው ልጅ ድምፅ ነበር፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ እንደ ልጃቸው ያሳደጓት፣ ሕግ ትምህርት ቤት ያስገቧት፣ «የኔ ዳኛ» እያሉ የሚጠሯት። በሩን ገፍተው ሲገቡ ልጅቱ ጣቷን ቀስራ ቆማለች። ከፊቷ አንዲት እናቷን የሚያክሉ ሴት አቀርቅረው ተቀምጠዋል፤ ቀኝ እጃቸው እስከ ክርናቸው በቃጠሎ ጠባሳ ተጨማዷል።

«ጉድ ፈላ!» አሉ ጋሽ ሜትር። «የተማርሽው ይህን ነው? እናት የምታክል ሴት መሳደብ? ደግሞስ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ለዕረፍትሽ ያን ትልቅ ጠበቃ ለምኜ ቢሮው ቦታ አላስያዝኩልሽም?»

«አጎቴ፣ ይቀመጡ፤ ስድብ አይደለም፣ ልምምድ ነው» አለች ልጅቱ። «እትዬ የሆቴል ወጥ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። እጀታው የተሰበረ መጥበሻ ከነፈላ ዘይቱ ተገልብጦባቸው ሐኪም ቤት ተኙ። ድነው ሲመለሱ ባለሆቴሉ ‹ይህ እጅ አይሠራም› ብሎ ከበር መለሳቸው። አሁን ደግሞ ‹በፈቃዷ ነው የለቀቀችው› ይላል። ዛሬ ዳኛው እሱ ፊት ይጠይቋቸዋል። እትዬ ግን እሱን ሲያዩ አንደበታቸው ይታሰራል። ‹አባታችን እንዳሉት ይሁን› ብለው ያርፋሉ። ያቺ ቃል ከተጻፈች አለቀ። ለዚህ ነው እሱን ሆኜ የምጮኽባቸው።»

«እና ለዚህ ጩኸት ምን ይከፍሉሻል?»

«ምንም።»

«ምንም! እኔ ጀርባዬ እስኪጎብጥ ጣውላ የምልገው አንቺ በነጻ እንድትጮኺ ነው? ጠበቃው ጋ ብትገቢ ሰው ታውቂበታለሽ፣ ስትመረቂም ሥራ ይቆይሻል።»

«እዚህም ሰው አውቄያለሁ» አለች ወደ እትዬ እያመለከተች።

«ነገር አታሳምሪብኝ! ደግሞ ያልበሰለ ተማሪ በሰው ጉዳይ ላይ ይለማመዳል እንዴ? እኔ ለማጅን በደንበኛ ሳንቃ ላይ ብቻውን አልለቅም።»

«ታዲያ እንዴት ያስተምሩታል?»

«አጠገቡ ቆሜ ነዋ!»

«እኛም አጠገባችን የሚቆም አለን። ይህ ለድሆች በነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጥ ክፍል ነው፤ የክፍሉ ጠበቃ የምጽፈውን ሁሉ አይተው ያርማሉ፤ ዳኛ ፊት የሚናገሩትም እሳቸው ናቸው።»

«ጠበቃ ካለ አንቺ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ኮሪደሩ ላይ የተኮለኮለውን ሰው አይተው የለ? እሳቸው ግን አንድ ናቸው። ሕጉን ያውቁታል፤ ከእትዬ ጋር ጠዋት ጠዋት ተቀምጦ ለማዳመጥ ግን ጊዜ ከየት ይምጣ? እኛ ተማሪዎች ያለን እሱ ነው። የዕረፍታችንን ጥቂት ሳምንታት እንሰጣለን።»

ጋሽ ሜትር ግን በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም። «ያበላን ሰው በአደባባይ ማዋረድ ነውር ነው» አሉ። «ሠራተኞቼ እኔንም አባታችን ነው የሚሉኝ። አባት ይከሰሳል?»

የልጅቱ ፊት ተለወጠ። «አባት ልጁ ሲቃጠል ከደጅ ይመልሳል? ሥራ ሲበዛ አባት፣ ሕመም ሲመጣ ባዳ! ይህ ምን ዓይነት አባትነት ነው? የባለሆቴሉ ጠበቃ ማን እንደሆነስ ያውቃሉ? እርስዎ የለመኑት ሰውዬ ነው። እሱ ቢሮ ገብቼ ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ ቦርሳውን ተሸክሜ የእትዬን አፍ ለማዘጋት እሮጥ ነበር።»

ጋሽ ሜትር በክርክር መሀል ዝም ካሉ ወይ አፋቸው ውስጥ ምስማር ይዘዋል፣ ወይ ተረተዋል። ያን ጠዋት ምስማር አልያዙም ነበር።

እትዬ ቀስ ብለው «ተዪው ልጄ» አሉ። «አንቺ ስትቆጪ ሳቄ ነው የሚመጣው። የባለሆቴሉ ድምፅ ግን ሌላ ነው።»

ልጅቱ አጎቷን አየቻቸው። «እስቲ እርስዎ ይሁኑልን። ሰፈሩን የሚያነቃው ድምፅዎ ዛሬ ለጽድቅ ይዋል።»

ማንገራገራቸው አልቀረም። ግን ቆሙና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አንቺ! እኔ ባላስገባሽ ማን ያውቅሽ ነበር? ስንፍናሽን ችዬ አኖርኩሽ! አንቺው አይደለሽም የሄድሽው?» ቃሉን ከሩቅ አልፈለጉትም፤ ከምላሳቸው ጫፍ ነበር። ይህም ራሳቸውን ሳያስደነግጣቸው አልቀረም።

እትዬ የተቃጠለውን እጅ ከጠረጴዛው ሥር ደበቁ። «እንዳሉት ይሁን፣ አባ...»

«እንዳሉት ምን?» ብለው ጋሽ ሜትር ጠረጴዛውን መቱት፤ አሁን ቁጣው የትወና አልነበረም። «ሰው ተቃጥሎ ይቅርታ ይጠይቃል እንዴ? እጁ ይደበቃል? መደበቅ ያለበት ያ የተሰበረውን መጥበሻ ያስያዘዎት ነው! እንደገና! ... አንቺ ነሽ የሄድሽው!»

«አይደለም» አሉ እትዬ፤ ድምፃቸው ከክፍሉ አልወጣም። በሦስተኛው ላይ ግን እስከ ኮሪደሩ ተሰማ።

ችሎት ሲሰየም ጋሽ ሜትር ከኋላ ተቀመጡ። ባለሆቴሉ በሙሉ ልብስ አምሮ ቆሟል፤ ጠበቃው ከጎኑ። ግን ጉድ መጣ፤ ሰውዬው አልጮኸም። «እኔ እኮ አባትሽ ነኝ፣ ልጄ» አለ በለሰለሰ ድምፅ። «ደክሞኛል ብለሽ አይደለም የተሰናበትሽኝ?» ለዚህ አልተለማመዱም ነበር። እትዬ አቀረቀሩ። ዳኛው ብዕራቸውን አነሡ። የክፍሉ ጠበቃ ተነሥተው «ክቡር ዳኛ፣ ጥያቄው ከችሎቱ ይቅረብልን» አሉ። ልጅቱ መናገር አልተፈቀደላትም፤ እጇን ብቻ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ አኖረች።

ዳኛው ጠየቁ። እትዬ የልጅቱን እጅ አዩ፤ ከዚያ የራሳቸውን ጠባሳም አውጥተው አጠገቡ አኖሩት።

«አይደለም ጌታዬ። አባቴ ቢሆኑ ሐኪም ቤት ይጠይቁኝ ነበር። አልሄድኩም፤ ከበር ነው የመለሱኝ።»

ዳኛው ይህንኑ አስመዘገቡ፤ ለቀጣዩ ቀጠሮም የወጥ ቤቱ ሠራተኞች መጥተው እንዲመሰክሩ አዘዙ። ነገሩ ገና አላለቀም፤ የእትዬ ቃል ግን ከእንግዲህ የእትዬ ነው።

ኮሪደሩ ላይ የባለሆቴሉ ጠበቃ ጋሽ ሜትርን አገኛቸው። «ልጅቷን መቼ ነው የምትልክልኝ?»

«ልጅቷ ሥራ ይዛለች።»

«የት?»

«ፊት ለፊትዎ ነበረች እኮ።»

ጠበቃው ሳቀ። «እዚያ ምን ትማራለች? ለቅሶ?»

«አዎ፣ ለቅሶም ይሰማል!» አሉ ጋሽ ሜትር፣ ሰው እስኪዞር። «የሚያለቅስ ሰው ያጋጠመውን በወጉ እንዲናገር መርዳት ትማራለች። ይህ በመጽሐፍ አለ? ድሃዋ ቃሏን አገኘች፣ ዳኛው እውነቱን ሰሙ፣ የኔዋም ሕግ ምን እንደሚያህል በሰው ላይ አየችው። ነገ እርስዎ ወንበር ላይ ብትቀመጥ እንኳ ከጠረጴዛው ማዶ ማን እንዳለ ታውቃለች። የእርስዎም ልጅ ሕግ ይማር የለም? በዕረፍቱ ይላኩት። እርስዎ ቢሮ ዕድሜ ልኩን ይደርስበታል።»

ጠበቃው ደህና ዋልም ሳይል ሄደ። ጋሽ ሜትር ወደ እህታቸው ልጅ ዞሩ።

«ነገስ ማን ነው ባለተራው?»

«አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ናቸው፤ ባለፎቁ የዓመት ፈቃድ ከልክሏቸዋል። እሱን ሲያዩ ይንቀጠቀጣሉ።»

«በይ እመጣለሁ» አሉ ጋሽ ሜትር። «ባለፎቁ ግን ጯሂ ነው ወይስ አለስላሽ? አስቀድመሽ ንገሪኝ፤ የማለስለሱን ገና አልቻልኩበትም።»