ትንሽ አሞታል

ከዳባት ወደ ደባርቅ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጠው ወጣት ከስልኩ ዜና ያነባል። አጠገቡ ያሉት ሽማግሌ ይጠይቁታል።

«የእኛን አገር ምን ይላል፣ ልጄ?»

«በአካባቢው አንጻራዊ ሰላም ሰፍኗል ይላል፣ አባቴ።»

«አንጻራዊ ደግሞ ምን ዓይነት ነው?»

ወጣቱ ሳቀ። «ሰው ሞቶ መርዶው እስኪነገር ‹ትንሽ አሞታል› ይባል የለ? እንደሱ ይበሉት።»

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

«ምነው አባቴ፣ አስከፋሁዎት?»

«የለም። ጠዋት ወንድሜ ከደባርቅ ደውሎ ‹ልጅህን ትንሽ አሞታል፣ ቶሎ ድረስ› አለኝ።»

«አይ... የእርስዎ ልጅ እንኳ ጉንፋን ይሆናል አባቴ፤ ሰሞኑን ብርዱ እኮ...»

«አንተም እንደ ዜናው ጀመርክ፣ ልጄ?»

ወራጅ አለ ማለት አቅቶኝ መውረጃዬን አለፍኩ።